ከኩሬው ዳር የተነሳ ፎቶ

ዙቤይዳ ትንፋሿን ያዘች። በሆዷ ተኝታለች፤ ክርኗ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ከስልኩ ፊት አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት፣ ከክብሪት እንጨት የቀጠነች ሰማያዊ የውሃ ተርብ ክንፏን ጀርባዋ ላይ አጥፋ ሣር ላይ ተቀምጣለች። አፏ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ይፍጨረጨራል። ዙቤይዳ ፎቶ አነሳቻት።

ከተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻ ያወጣቻትን፣ ምስር የምታህል አጉሊ ሌንስ ስልኩ ካሜራ ላይ በፕላስተር የለጠፈችው ራሷ ናት። ስልኩ የጓደኛዋ የኡሚ ነበር። ኡሚ ቤተሰቧ ወደ ኮምቦልቻ ሲዛወር «በየቀኑ እደውልልሻለሁ፣ ወላሂ» ብላ አሮጌ ስልኳን ሰጥታት ሄደች። ሁለት ጊዜ ደወለች፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ የዙቤይዳ ጓደኛ ጓሯቸው ያለው ኩሬ ነው። የክፍሏ ልጆች «ይቺ ልጅ ለቀቀች እንዴ?» እያሉ ይስቁባታል። ብቸኝነት ይለመዳል የሚሉ ሰዎች ውሸታቸውን ነው።

አሁን ደግሞ ኩሬውም ሊሄድባት ነው። ታናሽ ወንድሟን ሲራጅን ወባ ይዞት ሦስት ቀን ሲንቀጠቀጥ ሰነበተ። አባቷ «ቢንቢው ከዚህ ኩሬ ነው» ብለው ቅዳሜ በአፈር ሊያስደፍኑት ጅጌ ጠሩ። ጎረቤቱ ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ ይመጣል። ጅጌ ጠርቶ ማስቀረት ደግሞ በሰፈራቸው ነውር ነው፤ ያስቀረ ሰው ሌላ ጊዜ ቢጠራ ማንም አይደርስለትም።

እየሮጠች ወደ በረንዳው ወጣች።

«አባ፣ ይዩልኝማ። ተርቧ ቢንቢ ስትበላ ነው። ልጆቿም ውሃ ውስጥ ሆነው የቢንቢ እጭ እንደሚበሉ መምህራችን ነግረውናል። ኩሬው አይደፈን።»

አባቷ ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት። ዓይናቸው ቅርብ ያለ ነገር አያይም።

«እውነት ቢንቢ ነው?»

«ቢንቢ ነው።»

ወደ ኩሬው አዩ። ኩሬውን በገዛ እጃቸው የቆፈሩት እሳቸው ናቸው።

«እሺ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፤ ልጄ ካለች አለች ነው። ነውሩን እኔ እችለዋለሁ» አሉና ኮፍያቸውን አጠለቁ። «ከጎረቤታችን ከአቡበከር ቤት ጀምሬ ቤት ለቤት ዞሬ ጅጌውን አስቀራለሁ።»

ዙቤይዳ ደስታዋን የት ታድርገው? ፎቶዋን ደግማ ልታይ በሁለት ጣቷ አሰፋችው። አሁንም አሰፋችው። ቢንቢ እንደ መርፌ የቀጠነ መውጊያ አላት፤ ተርቧ አፍ ላይ ያለችው ግን የላትም። እግሯ አጭር፣ ዓይኗ ቀይ ነው። በበሰበሰ ማንጎ ላይ የምትርመሰመሰው ትንሿ ዝንብ ናት።

ማን ያውቅባታል? አባቷ አያዩትም። መምህሩ ያሉትም ውሸት አይደለም። ግን ተርቦቹ የኩሬውን ቢንቢ ሁሉ ይጨርሱት እንደሆነ ማንም አልነገራትም። ከጓዳ ሲራጅ በደከመ ድምፅ ውሃ ጠየቀ። አባቷ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር።

«አባ፣ ቆዩ» አለች። «ዝንብ ናት። አሁን አስፍቼ ሳያት ነው ያወቅኩት።»

አባቷ አዩዋት። አልተቆጡም። ኮፍያቸውን አውልቀው ተመልሰው ተቀመጡ።

«እንግዲያ ቅዳሜ ይደፈናል» አሉ ቀስ ብለው።

ዙቤይዳ ገብታ ሲራጅን ውሃ አጠጣችው። ለኡሚ መልእክት መጻፍ ጀመረችና አጠፋችው። ከዚያ የቢጫውን ጀሪካን አናት በቢላዋ ቆርጣ ወደ ኩሬው ወረደች። እጇን ከሣሩ ሥር ሰድዳ የተርቦቹን ልጆች አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር። ወስዳ የምትለቃቸው ቦርከና ወንዝ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል፤ እስከ ቅዳሜ ሁለት ቀን አላት። ስልኩን ቤት ትታዋለች።