እናቴን ለኖላ ትቻለሁ

የምነግራችሁ ከሰው የሰማሁትን አይደለም፤ በራሴ የደረሰውን ነው። አላምንም የሚል ካለ አልቀየመውም። እኔም ለማመን ዓመታት ፈጅቶብኛል...

ቀኑ ዓርብ ነው፣ የግንቦት መጨረሻ። ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ቦታው ሚኒሶታ ውስጥ፣ ዙሪያዋ በቆሎ ብቻ በሆነው ትንሿ ከተማችን፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የስፖርት አዳራሽ።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ በትልልቆቹ መስኮቶች ገብታ ወለሉን ታበራው ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

እኛ ጋ ተመራቂዎች ከመሄዳቸው በፊት መድረክ ላይ ወጥተው ለምንቀረው ኑዛዜ ያነባሉ። የቀልድ ኑዛዜ ነው። ሞት አፋፍ እንደደረሰ ሽማግሌ ኮስተር ብለው ያላቸውን ያወርሱናል።

አንዱ በእርግጫ ካልሆነ የማይከፈተውን የደብተር ማስቀመጫ ሎከሩን ለአዲስ ገቢዎች ተናዘዘ። ግሬታ የምትባል ደግሞ፣ "'ሆዴን አመመኝ' የምትለዋ ቃሌ ገና አላረጀችም፤ የሒሳብ ፈተና ላለበት ሁሉ ትቻታለሁ" አለች።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ ኦሪን ሀውገን ወጣ።

ኦሪን ዝምተኛ ነበር። ከከተማው ዳር፣ ከእህል ጎተራው ባሻገር፣ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ቀኝ እግሩን ያነክሳል። ከእኔ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር የለንም።

"እኔ ኦሪን ሀውገን፣ አእምሮዬ ሳይዛባ፣ ማንም ሳያስገድደኝ..." ብሎ ጀመረ። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚጀምሩት።

"ማነከሴን ለዴል ትቻለሁ።"

ዴል የእኔ ክፍል ልጅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ኮሪደር ላይ ኦሪንን ከኋላ እየተከተለ አረማመዱን ሲያስመስል የከረመ።

ዴል ራሱ ተነስቶ እጅ ነሳ። ተሳቀ።

"እናቴን..." አለ ኦሪን።

ቀና ብሎ ሰው ፈለገ። ዓይኑ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"እናቴን ለኖላ ትቻለሁ።"

ኖላ እኔ ነኝ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ሸክም እንዳወረደ ሰው በረጅሙ ተነፈሰና ከመድረኩ ወረደ።

ሲወርድ አላነከሰም።

"አየሽ?" አልኳት አጠገቤ ለተቀመጠችው ጓደኛዬ፣ ለግዌንዳ።

"ምኑን?"

"እግሩን።"

"ባክሽ፣ ሲያስመስል ነው የከረመው። አንቺ ምን አለብሽ፣ ኬክ የምትጋግር እናት ወረስሽ።"

እሷና ኦሪን የተመካከሩ መሰለኝ። ኑዛዜዎቹን ቀድማ የምትሰበስበው እሷ ነበረች።

ከትምህርት ስንለቀቅ ዴልን ደረጃው ላይ አገኘሁት። እያነከሰ ይወርዳል። ልጆቹ ከበውት ይስቃሉ።

ልጆቹ ሄዱ። እኔ ግድግዳውን ተከልዬ ቀረሁ። የሚያየኝ የለም ብሎ ሲያስብ ይተወዋል ብዬ ነው።

አልተወውም።

"ዴል፣ በቃህ እንግዲህ።"

የደረጃውን ብረት ጨብጦ ዞረ። ላብ አጥምቆታል።

"እኔ አይደለሁም..." አለ በሹክሹክታ። "ኖላ፣ እኔ አይደለሁም።"

ወደ ቤት ሮጥኩ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ያለነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። ስገባ እቃ እያጠበች ነበር። ዞር ብላ አየችኝ... እጇን አደረቀች።

እኔ ስገባ እጇን አድርቃ አታውቅም።

"ግቢ፣ ግቢ" አለች። "እናትሽ ደህና ናት?"

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

"እማዬ፣ ግዌንዳ ደወለችልሽ አይደል?"

"ማን ናት ግዌንዳ?"

ፈገግ አለች። የሌላ ሰው ልጅ ቤታችን ሲመጣ የምታሳየው ፈገግታ ነው። አውቀዋለሁ።

ወንበር ሳበችልኝ። ብስኩት በእንግዳ ሳህን አቀረበች።

"ለውዝ አለበት። ትበያለሽ አይደል?"

ለውዝ ከቀመስኩ ጉሮሮዬ ያብጣል። ትንሽ ልጅ ሆኜ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ታቅፋኝ ሆስፒታል የሮጠችው እሷ ናት። ለቀልድ ብላ እንኳ... ይህን አታደርግም።

"እማዬ፣ ተይ። አስፈራሽኝ።"

ፊቷ ላይ ያየሁት ማዘን ነበር። መንገድ የጠፋባት የጎረቤት ልጅ ስታይ እንደምታዝነው።

"ነይ ላድርስሽ" አለች በቀስታ። "እናትሽ ትጨነቃለች።"

እሺ አልኩ። ቀልዱ የት እንደሚያልቅ ልየው ብዬ ነው። መኪና ውስጥ "ስንተኛ ክፍል ነሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። ሰረቅ አድርጌ አየኋት። ከንፈሯ ላይ የታፈነ ሳቅ ፈለግሁ።

አልነበረም።

የት እንደምንሄድ ሳልነግራት ጎተራውን አልፋ ወደ ሀውገን ቤት ታጠፈች።

የኦሪን እናት፣ ወይዘሮ ሀውገን፣ በረንዳው ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

"ስላደረስሽልኝ አመሰግናለሁ" አሉ።

"ምንም አይደል" አለች እናቴ። "ጨዋ ልጅ ናት።"

ሁለቱን እያፈራረቅሁ አየኋቸው። አሁን ይስቃሉ... አሁን...

ማንም አልሳቀም።

ኩሽናው ንጹሕ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን። ሥጋና ድንች ይሸታል። ርቦኛል፣ ግን እጄ ሹካውን ማንሳት እምቢ አለ።

"ለውዝ የለበትም" አሉኝ ሳልጠይቃቸው።

እዚያ ቤት ለማንም ስለ ለውዝ ተናግሬ አላውቅም።

"ወይዘሮ ሀውገን፣ ኦሪን የት እንዳለ ይንገሩኝ።"

"ይንገሩኝ?" ቅር እንዳላቸው አዩኝ። "ልጄ፣ እናት አንቱ ትባላለች እንዴ?"

"ኦሪንስ?" አልኩ።

"በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ሄደ።"

"መቼ ይመለሳል?"

"ለምን ይመለሳል?"

ከኋላዬ መጥተው ፀጉሬን በእጃቸው ዳበሱት። እጃቸው ለስላሳ ነው። ሞቃት ነው። የሚያስጠላ ምንም የለበትም... ያ ነው የባሰው።

"ግድ የለም፣ አትብዪ" አሉኝ። "ኦሪንም ያመጡት ቀን አልበላም ነበር።"

ያመጡት ቀን...

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ክፉ ነገር አልደረሰብኝም። እዚያው አደግሁ። እናቴን አሁንም ገበያ አገኛታለሁ። "እናትሽ ደህና ናት?" ትለኛለች። ደህና ናት እላታለሁ። ዴል ሐኪም ቤት አልቀረውም፤ እግሩ ጤነኛ ነው ይሉታል። ያነክሳል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ይህ ሁሉ አይደለም። ያን ዕለት፣ ያ እጅ ፀጉሬ ላይ እንዳለ፣ በኩሽናው መስኮት ያየሁት ነው።

የእናቴ መኪና አልሄደችም ነበር። ሞተሩ እንደተነሳ አጥሩ ጋ ቆማለች። በሩ ተከፈተ። እናቴ ወረደች።

ወደ ቤቱ አላየችም። ዝም ብላ መንገዱ መሀል ቆመች፣ አንድ ነገር ረስታ ምን እንደሆነ እንደጠፋት ሰው።

ከዚያ ጉንጯን ነካች። ጣቶቿን አየቻቸው፤ እርጥብ ናቸው። ሌላኛውን ጉንጯን ነካች። እሱም እርጥብ ነው።

ግራ ገባትና ዝናብ ጀምሮ እንደሆነ ለማየት ሽቅብ ወደ ሰማዩ ቀና አለች...

ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና እንኳ አልነበረችም።