ኢርፋን ያላነበበው መስመር

«ስሙ፣ ስሙ! ‹የዚህ አገር ተማሪዎች እንደ እንስሳ ነው የሚተነፍሱት› ይላል!»

ኢርፋን ዴስክ ላይ ቆሞ ስልኩን ከፍ አደረገ። ዘጠነኛ ቢ ክፍል በጩኸት ተናጋ። የእንግሊዝኛ መምህራቸው ሚስተር ኦቲየኖ ከኬንያ ወደ ከሚሴ ከመጡ ስድስት ወራቸው ነው። ክፍሉን ያሳበደው ስለ አካባቢው ሰው ልማድ በእንግሊዝኛ ፌስቡክ ላይ የለጠፉት ጽሑፍ ነበር።

«ሙድ እየያዘብን ነው፣ ወላሂ!» አለ ጀሚል። «ደሞ ይሄን ሁሉ ማን ነገረው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ሱዓድ ዞረ። ከክፍሉ እንግሊዝኛ በደንብ የምትችለው እሷ ናት። ከአያቷ ጋር ሆና መምህሩን ሰንበቴ ገበያን ያሳየቻቸውም እሷው ናት።

ሱዓድ ጽሑፉን ጠዋት አንብባዋለች። መምህሩ አንዲት ተማሪ ‹ገባሽ?› ሲሏት ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ ዝም ስላለች፣ የደነገጠች መስሏቸው ነበር። አዎ ማለቷ እንደሆነ የገባቸው ከሳምንት በኋላ ነው። የጻፉት ይህንን ነው።

«እንስሳ አይልም» አለች። «የደነገጠች መስሎኝ ነበር ነው የሚለው።»

«አቦ ተይን! ጠበቃው ነሽ?» አለ ኢርፋን።

ኢርፋንና ሱዓድ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ነው የተማሩት። ባለፈው ሳምንት ሚስተር ኦቲየኖ ሲኮርጅ ይዘው የፈተና ወረቀቱን እንደነጠቁት ሁሉም ያውቃል። ዛሬ ግን ማንም አላነሳውም።

ኢርፋን ፊርማ የሞላበት ወረቀት ፊቷ ወረወረላት። ‹እንስሳ ያለን መምህር ይባረርልን› የሚል፣ ለርዕሰ መምህሩ የተጻፈ አቤቱታ ነው።

«ፈርሚ። ካልፈረምሽ የማን ወገን እንደሆንሽ እናውቃለን።»

በእረፍት ሰዓት ሱዓድ መምህሩን በረንዳው ላይ አገኘቻቸው። ፈገግ ብለው እጃቸውን ሲዘረጉላት እሷ አልዘረጋችም።

«ሚስተር፣ ጽሑፍዎን አንብቤዋለሁ» አለች በእንግሊዝኛ። «ሰንበቴ ላይ እጅ ለእጅ ተሳስመው ሰላም ከተባባሉት ሽማግሌዎች አንዱ አያቴ ናቸው። ያን ቀን በፀሐይ እንዳይቃጠሉ ጃንጥላቸውን ሰጥተውዎት ነበር። እርስዎ ግን ዶሮ አሏቸው።»

ፈገግታቸው ጠፋ። «ሱዓድ፣ እኔ እኮ... ልማዱ ደስ ብሎኝ ነው። አገሬ ያሉ ጓደኞቼ እንዲስቁ ብዬ...»

«በእኛ?»

ከዚያ ስለ አቤቱታው ነገረቻቸው። ወዲያው ስልካቸውን አወጡ።

«አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«አያጥፉት! ካጠፉት ኢርፋን ያለው ነው የሚቀረው።»

ክፍል ስትመለስ ቦርሳዋ መሬት ላይ ተጥሏል። ጎኗ የምትቀመጠው ነጅዋ ደብተሮቿን ሰብስባ ሌላ ዴስክ ሄዳለች። ሱዓድ ቦርሳዋን አራግፋ ተቀመጠች፤ ንጹሕ ወረቀት አውጥታም ጽሑፉን ከመጀመሪያው ወደ አማርኛ መመለስ ጀመረች። ለርዕሰ መምህሩ ራሷ ልትሰጠው አስባለች።

«እዩዋት፣ ለባሏ ደብዳቤ ትጽፋለች!» አለ ጀሚል። ሳቁ ጆሮዋን አቃጠላት። የተጨማደደ ወረቀት ጀርባዋ ላይ አረፈ። አልዞረችም።

የትንፋሹን ነገር እንዳለ ጻፈችው። እዚህ ሰዓት ከጠዋት አሥራ ሁለት ጀምሮ ስለሚቆጠር መምህሩ ከቀጠሮ ስድስት ሰዓት ዘግይተው መድረሳቸውንም እንዲሁ። ከዚያ አያቷ ጋ ደረሰች።

‹ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ሲሳሳሙ ጥሬ የሚለቅሙ...›

እስክሪብቶዋ ቆመ። ኢርፋን እዚህ ድረስ አላነበበም። ይህን አንድ መስመር ብትዘለው መምህሩ ይተርፋሉ፤ ክፍሉም በአያቷ አይስቅም። ብትጽፈው ግን ኢርፋን ‹አላልኳችሁም?› ይላል። የአያቷ ፊት መጣባት። ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ እንግዳው ትሑት ሰው ነው ብለዋት ነበር።

«ፈረምሽ?» አለ ኢርፋን ከኋላዋ ቆሞ።

«አልፈርምም። ቆይ፣ እየጻፍኩ ነው።»

በክንዷ ሳትከልለው፣ እሱም እያየ፣ ‹ዶሮዎች ይመስላሉ› ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው መስመር አለፈች።