የክሩ ጫፍ

ክሩ በድንገት ሲላላ የማርሊ ዓይን ኮልቢ እጅ ላይ ነበር።

የውድድር አጣማሪዋ ኮልቢ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ መረቡን ወደ ውሃው ዘርግቷል። አንገቱ ላይ ያንጠለጠላት ትንሽ መቀስ ትወዛወዛለች። ዓሣው፣ ስድስት ፓውንድ የሚሆን ሆዱ የተነፋ፣ ባስ የሚባለው ዓይነት፣ ከመረቡ አፍ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። ከዚያ ጭራውን አንድ ጊዜ ውሃው ላይ አጮኸና ተሰወረ። ማርሊ በሙሉ ኃይሏ እየሳበች ስለነበር ወደ ኋላ ተንገዳግዳ በቂጧ ቁጭ አለች።

«ምንድን ነው ያደረግከው?»

«እኔ? እኔ ምን አደረግኩ? መረብ ይዤ ነው እኮ ያለሁት!»

ጀልባዋን የሚነዳው የኮልቢ አባት ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ነበር። ምንም አላየሁም አለ። ታዲያ ምን ሊል ኖሯል? ልጁ አይደል!

ማርሊ ክሩን በማጠንጠኛው ሰበሰበችና ጫፉን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ደሟ ፈላ። የተጎነጎነ ክር ሲበጠስ ጫፉ እንደ ጥጥ ይበተናል፤ ይህን አላባማ ውስጥ ሐይቅ አጠገብ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ይኼኛው ጫፍ ግን አልተበተነም። ትንሽ ተጠማዟል እንጂ መጨረሻው በስለት እንደተቆረጠ እኩል ነው። መጠማዘዙን ዓሣው ሲታገል ያመጣው ነው ብላ አለፈችው። ከዚያ ቀና ብላ ኮልቢ አንገት ላይ ያለችውን መቀስ አየች።

እስከ ማታ ማሰብ አላስፈለጋትም። ነገሩ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው የጀመረው።

በምሳ ሰዓት የኮልቢ ስልክ ጠረጴዛው ላይ በርቶ መልእክቱን ሳታስበው አንብባዋለች። ላኪው ጃሬት ነው። አባቱ አዲስ ጀልባ የገዛለት፣ አብሮት የሚያጠምደው ልጅ ዘንድሮ የሚመረቅበት ጃሬት። «ታዲያ ምን ወሰንክ? ማርሊን ምን ልትላት ነው?» ይላል። ኮልቢ ስልኩን አፈፍ አድርጎ ደፋው። ማርሊም ምንም እንዳላየች ሆና ድንቿን በላች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የኮልቢ ነገር ሁሉ አላምር አላት። ሲስቅ፣ ምን አሳቀው? ዝም ሲል፣ ምን እያሰበ ነው? ሐሙስ ዕለት ማጠንጠኛዋ ላይ የነበረውን የአያቷን ናይለን ክር አውጥቶ አረንጓዴ የተጎነጎነ ክር ሲጠቀልልላት እንኳ ጎኑ ቆማ እጁን ስትጠብቅ ነበር።

«ይኼ ናይለን የሐይቁ ሣር ውስጥ አያዋጣም። ፋራ አትሁኚ» ብሏት ነበር እየጠቀለለ። «ቋጠሮውንም ላሳይሽ። ይኼ ክር ያዳልጣል፣ የአያትሽ ቋጠሮ አይዘውም። ክሩን ደርበሽ በመንጠቆው ቀለበት ታሳልፊያለሽ፣ ተራ ቋጠሮ ትቋጥሪና...»

«እኛ ቋጠሮ ላይ ሙድ አትያዝ። አባባ በዚህች ቋጠሮ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አጥምዷል።»

«እሺ፣ እንዳልሽ» አለ ኮልቢ። እሱም ኩሩ ነው፣ ሁለቴ አይናገርም።

የቅዳሜው የትምህርት ቤቶች ውድድር እንዲህ ሆነ። አንድ ጀልባ የሚያስመዝነው አምስት ዓሣ ነው፤ እነ ማርሊ አራት ይዘው ወጡ። ለክልሉ ፍጻሜ የሚያልፉት ሦስት ጥንዶች ናቸው፤ እነሱ አራተኛ ሆኑ። ሕዝቡ ሚዛኑ ዙሪያ ሲያጨበጭብ ማርሊ የቡድኑን አሰልጣኝ ኮች ሬይበርንን ከመኪኖቹ ኋላ ወሰደችው። ኮች ትምህርት ቤቱ ውስጥ ብየዳ ያስተምራል፤ በችኮላ የሚናገር ሰው አይደለም።

«ኮልቢ ክሬን ቆረጠው፣ ኮች። ሆን ብሎ። ከጃሬት ጋር መሆን ፈልጎ ነው።»

ኮች ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «ይኼ የምትይው ነገር ለማውጣት ቀላል ነው፤ ለመመለስ ግን ይከብዳል። እርግጠኛ ነሽ?»

«ጫፉን እየው እንጂ!»

«እዚህ ሕዝብ መሃል፣ እሱ በሌለበት አላይም። ሰኞ ጠዋት ሁለታችሁም ክፍሌ ትመጣላችሁ። ማጠንጠኛውን እንዳለ አምጪው፣ ማንም አይንካው። እውነት ከሆነ ልጁ ከቡድኑ ወጣ ማለት ነው።»

ከቡድኑ ወጣ። ማርሊ ቃሉን ስትሰማ ደስ አላት፤ ለምን ይዋሻል፣ ደስ ነው ያላት። ኮልቢ ከወጣ ደግሞ ለከርሞ ጃሬት ጎን የሚከፈተው ቦታ የእሷ እንደሚሆን ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አያቷ ቨርነን የተጠበሰ ዓሣውንና የበቆሎ ዳቦውን በልቶ ወንበሩ ላይ አሸለበ። ማርሊ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣች። አንድ ሐሳብ መጥቶላታል። ኮልቢ ነገ «ቋጠሮሽ ነው የተፈታው» ብሎ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ቋጠሮው እንደማይፈታ በቪዲዮ ቀርጻ ኮች ፊት ታስቀምጣለች። በዚህስ የት ይገባ ይሆን?

ባልዲ በጠጠር ሞላች። ከሌላ ዘንግ ላይ ያንኑ አረንጓዴ ክር ስባ እንደ ቅዳሜው የመጨረሻዋን አንድ ክንድ በጥቁር ማርከር ቀባች። ዓሣው ክሩን እንዳያየው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው፤ ከክርኗ እስከ መሃል ጣቷ ጫፍ ለክታ ነው የምትቀባው። ከዚያ ዓሣ የምታታልልባትን የጎማ እንቁራሪት አሰረችና መንጠቆዋን ባልዲው እጀታ ላይ ሰካች። ስልኳን የአያቷ መኪና ላይ አቆመች።

«ይኸውላችሁ» አለች ወደ ስልኩ። «ክሩ በቀለበቱ አለፈ፣ ስድስቴ ተጠመጠመ፣ ተመልሶ ገባ። የአያቴ ቋጠሮ ማለት ይኼ ነው። በራሱ ይፈታ እንደሆነ እናያለን።»

ሳበች። ባልዲው ከመሬት ተነሳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ሳትጨርስ ዱብ አለ። ጠጠሩ እግሯ ሥር ተበተነ።

«በደንብ አላጠበቅኩትም» አለችና ቪዲዮውን አጠፋችው።

ሁለተኛውን በምራቋ አርጥባ ስምንቴ ጠምጥማ በጥርሷ ሳይቀር ስባ አጠበቀችው። ዱብ! ሦስተኛው ደግሞ ባልዲው ገና ከመሬት ሳይላቀቅ ሾልኮ ወጣ። ማርሊ ክሩን አነሳችው። ጫፉ አልተበተነም። ከመቀባቷ በፊት እሷው ራሷ በመቀስ የከረከመችው ስለሆነ እኩል ነው። ከጫፉ ከፍ ብሎ አራት ጣት ያህል ደግሞ ተጠማዟል፤ ጥምጥሙ ቅርጹን ትቶበት ሄዷል።

የቅዳሜውን ማጠንጠኛ ከከረጢቱ አወጣች። ተመሳሳይ ነው። እኩል ጫፍ፣ አራት ጣት ያህል ጠመዝማዛ። ጥቁሩን ከክርኗ ጀምራ ለካችው። መሃል ጣቷ ጫፍ ላይ ቁልጭ ብሎ አለቀ። ከክሩ አንዲት ጣት እንኳ አልጎደለም። ማንም ሰው አልቆረጠውም። ተፈትቶ ነው የሄደው።

«ወይኔ!» አለች። ፊቷ ሁሉ ተቃጠለ።

ቀጥሎ ያደረገችውን ግን ለማንም አልተናገረችም። መቀሱን አነሳች። ጠመዝማዛው አራት ጣት ቢቆረጥ የሚቀረው ቀጥ ያለ፣ እኩል፣ ርዝመቱም የጎደለ ክር ነው። ልክ ሰው የቆረጠው ክር። ኮች ያምናል። ማንም ያምናል። የመቀሱን ሁለት አፍ ክሩ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ባልዲው ምን አደረገሽ ልጄ? እንቅልፍ ነሳሽኝ እኮ!»

አያቷ በሩ ላይ ቆሟል። መቀሱን ወደ ኋላዋ ደበቀች፤ ክሩን ግን መደበቅ አልቻለችም። ቨርነን መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ የተበተነውን ጠጠር፣ እንቁራሪቷን፣ ሁለቱን የተጠማዘዙ ጫፎች አንድ በአንድ አየ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

«የኔ ቋጠሮ ነች?»

«አዎ አባባ።»

«ስንት ጊዜ ሞከርሽ?»

«ሦስት።»

«ሦስቴም?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሽማግሌው የተገለበጠውን ባልዲ አስተካክሎ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ማርሊ የሚያዝን መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ቀስ በቀስ ጆሮው ቀላ።

«ሆሊስ» አለ።

«የቱ ሆሊስ? ባለሱቁ?»

«ከሁለት ዓመት በፊት ይኼንኑ አረንጓዴ ጉድ ሸጦልኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ትልቅ ዓሣ አመለጠኝ። የበሰበሰ ክር ሸጥክልኝ ብዬ ሱቁ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ ሰደብኩት። ቋጠሮህን እስቲ አሳየኝ ሲለኝ፣ አንተ ሳትወለድ የቋጠርኩትን ነው የምታየው አልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ዞር ብዬ አላየሁትም!» ጉልበቱን በመዳፉ መታ። «አያ ቨርነን፣ ደግሞ ሽማግሌ ነኝ ትላለህ!»

ማርሊ ሳቋን ገታች። «ለናይለን እኮ ጥሩ ቋጠሮ ነው፣ አባባ።»

«ለናይለን ነው እንጂ! ናይለን ናይለንን ይነክሳል። ይኼ ግን ሐር ነው፣ ምኑን ይዞ ይቆማል?» ተነሳና ወደ መኪናው አመራ። ቁልፉን ሲፈልግ ዓይኑ ከጀርባዋ ባጮለቀው መቀስ ላይ አረፈ። «እሱን ለምን ያዝሽው?»

«ዝም ብዬ።»

«ዝም ብዬ» አለ እሱም፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ።

«የት ልትሄድ ነው? እሁድ እኮ ሱቁ ዝግ ነው!»

«ቤቱን አውቀዋለሁ» አለና ሄደ።

ማርሊ ብቻዋን ቀረች። መቀሱ መዳፏ ውስጥ ሞቋል። ገብታ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችውና መሳቢያውን ገፋችው። ስልኳን አነሳች። «ኮልቢ» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «ቅዳሜ ያልኩት» ብላ ጻፈች። ይህንንም አጠፋችው። ነገ በአካል እነግረዋለሁ አለች።

ሰኞ ጠዋት ኮልቢ የኮች ሬይበርን ክፍል ውስጥ ቀድሟት ቆሟል። ዓይኗን አላየም። አንገቱ ላይ ሁልጊዜ የምትንጠለጠለው መቀስ የለችም።

ማርሊ ማጠንጠኛውን የብየዳው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ኮች ጫፉን በሁለት ጣቱ አንስቶ መብራቱ ሥር አሽከረከረው። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ቀና አለና ሁለቱንም አየ።

«ቋጠሮውን ማን አሰረው?»

«እኔ» አለች ማርሊ። «ተፈትቶ ነው ኮች። ትናንት ሞክሬ አይቼዋለሁ። ኮልቢ ምንም አልነካም። እንደማይዝ ሐሙስ ነግሮኝም ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ኮች ክሩን አስቀመጠ። «ከቡድኑ ማን ማን ሰምቷል?»

«ሦስት ልጆች። እኔው ነኝ የነገርኳቸው።»

«ታዲያ ሥራሽን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

ኮሪደሩ ላይ ኮልቢን ሮጣ ደረሰችበት። ይቅርታ አለችው፤ ሌላ ቃል ስላጣች ደግማ ይቅርታ አለችው። ኮልቢ የቦርሳውን ማሰሪያ ሲያስተካክል ቆየ።

«ጃሬት ከክረምት ጀምሮ ሲጨቀጭቀኝ ነበር» አለ። «ከማርሊ ጋር ነኝ እያልኩ እምቢ ስለው ነው የከረምኩት። ስለኔ ያወራሽውን ስሰማ ግን ትናንት ማታ እሺ አልኩት።»

ትናንት ማታ። ማርሊ ጽፋ ያጠፋቻቸው ሁለት መልእክቶች ትዝ አሏት።

በምሳ ሰዓት ሦስቱን ልጆች አንድ በአንድ ፈልጋ ነገረቻቸው። አንዷ ሳቀችባት፤ ሳቁንም ዋጠችው። ከዚያ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ክርና አንዲት የጎማ እንቁራሪት ይዛለች። ሐሙስ በግማሽ ጆሮ የሰማችውን ለማስታወስ ሞከረች። ክሩን ደርባ በቀለበቱ አሳለፈች። ተራ ቋጠሮ ቋጠረች። ቀጥሎስ? እንቁራሪቷን በተደረበው ክር ቀለበት አሾለከቻት። ይሁን አይሁን አታውቅም። ልታጠብቀው ስትል የሰው ጥላ እጇ ላይ አረፈ።

ኮልቢ ነው። ወደ ጃሬት መኪና እየሄደ ነበር። ቋጠሮውን አየው፣ እሷን ግን አላያትም።

«መጀመሪያ አርጥቢው» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ማርሊ ቋጠሮውን ወደ አፏ ወስዳ በምራቋ አረጠበችው። ከዚያ ክሩን መዳፏ ላይ ጠምጥማ ቀስ ብላ ሳበች፤ ያዘ። ቆርጣ ጣለችውና እጇ እንዲለምደው ከመጀመሪያ ጀመረች።