መስኩ ላይ የተወረወረው ገመድ

ማመን ያቃተው ይተወው... እኔ ግን ገመዱን በእጄ ይዤዋለሁ።

ከጠዋት ቅዳሴ እንደወጣን ነው። ጉሙ ወርዶ የገዛ እጅህ አይታይም።

ከተማችን ያኔ ወደብነቷ በስም ብቻ ነበር። በአባቴ ጊዜ መርከቦች ለመግባት ተራ ይጠብቁ ነበር። ከዚያ ዓሣው ጠፋ፣ ደለሉ ባሕሩን ገፍቶ አራቀው፣ መልሕቅ ይጣልበት የነበረው ቦታ ላም ይግጥበት ጀመር። የዓሣ በርሜል ሠሪው እኔም የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ሠሪ ሆኜ ቀረሁ።

የቀረችን በጉም ጊዜ መርከብ የምንጠራባት ደወል ብቻ ነበረች። እሷንም ሹሞቻችን ሸጧት... ቀልጣ ድስት ልትሆን።

ሊወስዳት የመጣው ነጋዴ ፎልክማር ጋሪውን አቁሟል። ደዋይዋ ጎረቤቴ እትዬ ጌዜከ ግን ከደወሏ ሥር አልነቃነቅ ብለዋል።

«ጉም ሲወርድ ይደወላል። ሕግ ነው።»

«ለማን ነው እትዬ? ለላሞቹ?» አለ ፎልክማር።

«ላሞቹ ካንተ ይሻላሉ፤ ይሰማሉ።»

ገመዷን ስበው ደወሏን ደወሉ።

ዝም...

ከዚያ ከመስኩ መሐል መለከት መለሰ።

ፎልክማር ሳቀ። «እረኛ ነው።»

ላሞቹ ግን ከመስኩ እየወጡ ነበር። አንዷም እምቧ አላለችም።

ከዚያ ሽታው... ትኩስ ዓሣ። ከልጅነቴ ወዲህ ያላሸተትኩት።

«እትዬ... ይበቃል፤» አልኩ በሹክሹክታ።

«ገና ምኑ ተነካና።»

ደገሙት። መለከቱ ቀረበ። እንጨት ሲጢጥ ሲል ሰማን... ውኃ በሌለበት።

«ገመድ ያዙ፤» አለ አንድ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ።

ወፍራም ገመድ እግሬ ሥር ዱብ አለ። ውኃ ያንጠባጥባል።

«አትንካው... በማርያም፤» አለ ፎልክማር።

«ሄኒንግ፣ የወደብ ልጅ አይደለህም እንዴ? እሰረው እንጂ፤» አሉኝ እትዬ ጌዜከ።

ገመዱን አንሥቼ አሮጌው የመርከብ ማሰሪያ ግንድ ላይ ጠመጠምኩት። ዞር ስል ፎልክማር የለም። ጋሪውን እንኳ ትቶት ሄዷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ደወሏን ሊወስድ ተመልሶ የመጣም የለም።

ጉሙ ተገፈፈ።

መስኩ ባዶ ነው። ሣር ብቻ።

ገመዱ ግን ከግንዱ ተነሥቶ፣ ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ብሎ... አየር ላይ ያልቃል።

ይወጠራል... ይላላል... ይወጠራል።

ከዚያ ፊታችን ያለው ሣር በረጅሙ ተጋደመ፤ የመርከብ መውረጃ ጣውላ እንደተዘረጋበት።

እትዬ ጌዜከ ሻሻቸውን አስተካክለው ከፊቴ ቆሙ።

«አርፍዳችኋል፤» አሉ። «ወደቡ ግን ክፍት ነው።»

ሣሩ በጫማ ቅርጽ ይረገጥ ጀመር... አንድ... ደግሞ አንድ... ወደ እኛ።