ነፋስ የማይገባባት ክፍል

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ታኅሣሥ፣ ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው ብርድ የሁሩታን ከተማ ቆፈን አስይዟት ነበር፤ ከፈንታሌ በኩል የመሬት መናወጥ ወሬ ይሰማል፤ የመብራት ታሪፍም በየጊዜው እንዲጨምር ታውጆ፣ ሕዝቡ አንዱን ፍርሃት ሳይጨርስ ሌላውን ይቀበል ነበር።

የቀድሞውን የወረዳ ንብረት ክፍል ሹም አቶ ገብረወልድን ግን ከመሬቱ መናወጥ ይልቅ የሚያስፈራቸው የግቢያቸው ቆጣሪ ነበር፤ አንድ ሆኖ የእሳቸውን ቤትና የተከራያቸውን የሱሃይላን ክፍል አብሮ ይቆጥራል። ዕድሜ ልካቸውን መጋዘን ሲጠብቁ ሰው ማመን የረሱት እኚህ ሹም፣ ሲመሽ በተከራይ በር ስንጥቅ የሚወጣውን ብርሃን አይተው አምፖል ይሁን የኤሌክትሪክ ምድጃ ይለዩ ነበር፤ የምድጃ ብርሃን ቀላ ይላላ! ከኅዳር ወዲህ ግን ከሱሃይላ ክፍል ጭላንጭል ጠፋ፤ መስኮቱም በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፈነ፤ የመብራት ሒሳቡም አሻቀበ። ታዲያ ምድጃ ካልደበቀች ምን ልትሸፍን ነው? አራስ መሆኗን እያወቁ፣ ወሩ ሲያልቅ እንድትለቅ ነገሯት።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እጅ ከፍንጅ ሊይዟት ቆርጠው የግቢውን መብራት ከቆጣሪው አጠፉ። ምድጃዋ ሲጠፋ ብርዱ ያስወጣታል ብለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፏ ላይ ቆሙ። ቢጠብቁ ቢጠብቁ የሚወጣ የለም። ይልቅስ ከራሳቸው ቤት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉብርሃን ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ወጡ።

«አንተ ሰው፣ ምድጃው ጠፋ እኮ! ቤቱ በረዶ ሆነ።»

«የቱ ምድጃ?»

«ጉልበቴን አመመኝ እያልክ ቀኑን ሙሉ አልጋው አጠገብ የምትለኩሰው ነዋ!»

አቶ ገብረወልድ አፈሩ፤ ሆኖም ጥርጣሬያቸው በቀላሉ አልለቀቃቸውምና በሩን አንኳኩ። ሱሃይላ ሕፃኑን ታቅፋ፣ የስልኳን መብራት ይዛ ከፈተች። የክፍሉ ሙቀት ፊታቸውን ዳሰሰው።

«ምድጃውን የት አደረግሽው?»

«ምድጃ የለኝም አባባ። ይግቡና ግድግዳውን ይዩት።»

ገብተው በእጃቸው ዳሰሱት። ስንጥቁ ሁሉ በጭቃና በጭድ ተመርጓል፤ ከበሩ ሥር ጨርቅ ተጠቅጥቋል፤ ከረጢት ተሰፍቶ ኮርኒስ ሆኗል።

«ሳልወልድ በፊት ነው የመረግሁት» አለች፤ «ልጄን እንዳይበርደው፤ እርስዎም ሒሳብ በዛ እንዳይሉኝ።»

ሽማግሌው ዐይናቸውን ከሕፃኑ ላይ አነሱ።

«እንግዲያው መልቀቁ ይቅር። ተቀመጪ፣ ልጄ።»

«ባለቤቴ አዳማ ቤት ተከራይቶልናል። ገለቶማ፣ አባባ» ብላ አመሰገነቻቸው።

በገና ሰሞን ሄደች። ባልና ሚስቱም ወዲያው አልጋቸውን ወደ ክፍሏ አዛወሩ፤ ምድጃውም ሥራ ፈታ።

የዚያን ዓመት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ መሬቱ መናወጥና ስለ ታሪፉ ይጽፉ ይሆናል። የሰፈሩ ሰው ግን ቤቱን ለማስመረግ ሲያስብ ዛሬም ያችን ክፍል ሊያይ ይመጣል፤ «የጋሼ ገብረወልድ ሞቃት ክፍል» ይላታል። እሳቸውም እየሰሙ አንድ ቀን እንኳ አላረሙትም።