ከኮምፒውተሩ ሆድ የጠፋው ካርድ

ጋሽ ክፍሉ የወደቁት ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

የቪአር መነጽሩን እንዳጠለቁ ነበሩ። የሚታያቸው ዓለም መጀመሪያ ተንገጫገጨ። ቀጥሎ ቆመ። ከዚያ ባላሰቡት በኩል ዞረ። ሰውነታቸው ሊከተለው ሲሞክር እግራቸው ከዳቸው። የሺአረግ ዘልላ ሳትደርስባቸው በግራ ጎናቸው ወደቁ፤ ዳሌያቸው ሲሰበር ድምፁን ሰማችው።

ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከመታቸው ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ፊዚዮቴራፒስቷ የሺአረግ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለችው ክፍሏ በዚህ መነጽር ታሠራቸው ነበር። መነጽሩ ውስጥ ፍሬው የሚረግፍ የማንጎ ዛፍ አለ፤ የእሳቸው ሥራ በግራ እጃቸው መቅለብ ነው። የኮምፒውተሩ አሮጌ ግራፊክስ ካርድ ምስሉን እያንቀረፈፈ ራሳቸውን ሲያዞራቸው፣ ሐሙስ ዕለት ጦልሃ የሚባል ጠጋኝ አዲስ ካርድ ገጠመላት። አዲሱ ጉልበት ስለሚፈልግ ኃይል የሚሰጠውን ፓወር ሰፕላይም ቀየረ። ከዚያ ወዲህ ምስሉ ጥርት አለ። ቅዳሜ ጋሽ ክፍሉ ሦስት ማንጎ ቀለቡና እንደ ልጅ ሳቁ።

አምቡላንሱ ሲሄድ የሺአረግ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። አዲሱ ካርድ የለም። በቦታው ቁምሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችው አሮጌው ተሰክቷል።

ነገሩ ማክሰኞ ለኢንስፔክተር ሳቢሪን ሲደርስ ጦልሃ ታስሮ ነበር። ካርዱን የገጠመው እሱ፣ ቁልፍ የያዘው እሱ፣ ምን ይጠየቃል ተብሎ ነው። የታሰረው ሰኞ በምሳ ሰዓት ስለሆነ፣ ረቡዕ በዚያው ሰዓት አርባ ስምንት ሰዓቱ ይሞላል። ከዚያ በፊት ወይ ይከሰሳል ወይ ይለቀቃል።

«ካርዱ የት ነው?» አለችው።

«ገጥሜው ነው የሄድኩት።»

«ቁልፍ ምን ያደርግልህ ነበር?»

«ለሥራው ሰጠችኝ፤ ሳልመልስ ረሳሁ። ወላሂ ረሳሁ።»

«ቅዳሜ የሺአረግ ክፍሏን ከዘጋች በኋላ የት ነበርክ?»

«ቢዮ አዋሌ፣ ገጠር። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ጠግን ብሎኝ ሁለት ሌሊት እዚያው አደርኩ። ሰኞ ስመለስ ፖሊስ ሱቄ በር ላይ ጠበቀኝ።»

«ከመሄድህ በፊት ወስደኸዋል ነው የሚሉት።»

«ያሉትን ይበሉ አቦ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ድሬዳዋ አንቱታ ብዙ አታውቅም፤ ሳቢሪንም ቅር አላላትም። ቅር ያላት ማስረጃ ሳይያዝ መታሰሩ ነው።

«ስሚኝ» አለ ጦልሃ። «ሰው ፎቶውን፣ ሥራውን፣ ገመናውን ሳይቀር ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳለ ነው አምኖ የሚያስረክበኝ። ዛሬ ሦስት ደንበኞቼ እናቴ ጋ ሄደው ዕቃችንን አውጪልን ብለዋታል። ብለቀቅ እንኳ ማን ያምነኛል?»

ሌባ የተባለ ጠጋኝ በዚህች ከተማ ዳግመኛ ብሎን እንደማይፈታ ሳቢሪንም ታውቃለች።

መጀመሪያ መጋላ ሰፈር ወረደች። ዐብዲሻኩር የተባለ የጌም ቤት ባለቤት ያንኑ ካርድ ከወር በላይ ሲያፈላልግ ነበር። ስትገባ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቁርጥ እሱን የመሰለ ካርድ አየች። ከየሺአረግ የወሰደችውን የአዲሱን ካርድ ካርቶን አውጥታ መለያ ቁጥሩን ከካርዱ ጋር አስተያየችው። አይገናኝም።

ዐብዲሻኩር ሳቀባት። «እኔ ብሆን ካርዱን ይዤ እብስ ነበር። ሰርቆ አሮጌውን መልሶ የሚገጥም ምን ዓይነት ሌባ ነው?»

ነገሩ እንደ እሾህ ተሰካባት። እውነትም፣ ምን ዓይነት ሌባ ነው?

ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው በሩን ዘግቶ ከሙቀቱ በተኛበት ሰዓት፣ የሺአረግ የሥራ ክፍሏን ከፈተችላት። ከሰኞ ወዲህ ማንም አልነካውም። የመስኮቱ ሁለት መስታወቶች ስለሌሉ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት የተነሳው ነፋስ አሸዋውን አስገብቶታል፤ ጠረጴዛው ላይ በጣት ይጻፋል። ኮምፒውተሩ አጠገቡ የጎን ክዳኑ ወልቆ ቆሟል። ቬንትሌተሩ ፊቱን ወደ ሆዱ አዙሯል።

ሳቢሪን ተንበረከከች። ጣቷን በኮምፒውተሩ ወለል ላይ አስኬደችና አየችው። ንጹሕ ነው።

«ክዳኑን ያወለቅሽው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም። ሰኞ ስገባ ወልቆ ነበር፤ ቬንትሌተሩም እንዲህ ዞሮ። ጦልሃ ገብቶ ሊያየው ከፍቶት መስሎኝ ተውኩት። ምነው ያኔ ጎንበስ ብዬ ባየሁት!»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ ስወጣማ ዝግ ነበር። ጦልሃ እኮ አቧራ ይገባል፣ እንዳትከፍቺው ብሎኛል።»

ሳቢሪን ቀስ ብላ ተነሳች። ነፋሱ ሲነፍስ ክዳኑ ተዘግቶ ነበር፤ ባይሆን ኖሮ ሆዱ በአሸዋ ይሞላ ነበር። ስለዚህ የተከፈተው ከነፋሱ በኋላ፣ ጦልሃ ቢዮ አዋሌ ሳለ ነው። የከፈተውም ከልማዱ ማምለጥ ያቃተው ሰው ነው። በሙቀት ወራት ድሬ ላይ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር የሚያሠራ ሰው ክዳን አይዘጋም፤ አውልቆ ቬንትሌተር ያዞርበታል። ይሄኛው ሌባ እየሰረቀም ኮምፒውተሩ እንዳይግል አስቧል።

«ሌላ ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

የሺአረግ ለመናገር ቸገራት። «ግሩም። የጋሽ ክፍሉ ልጅ። አንዳንዴ ሙቀቱ ሳይበረታ ከእኔ ቀድሞ ያመጣቸዋል።»

«ሰኞ እሱ ነው ያመጣቸው?»

«ሐረር ስብሰባ ስለነበረኝ ሰኞ አንሠራም ብዬው ነበር። ጠዋት ስብሰባው ሲቀር ለራሳቸው ደወልኩ። በባጃጅ ብቻቸውን መጡ። ማንጎው ናፍቋቸው ነበር።»

ግሩም የሰርግ ቪዲዮ ይሠራል። ረቡዕ ጠዋት ሳቢሪን በሩን ስታንኳኳ ዓይኑ ቀልቶ ከፈተላት፤ ሁለት ሌሊት ሆስፒታል አባቱ ራስጌ አድሯል። ከኋላው ኮምፒውተሩ ይታያል። ክዳኑ ወልቋል፤ ቬንትሌተሩ ሆዱ ላይ ይነፍሳል።

አልፋው ገባች። በስልኳ መብራት አጎንብሳ አየች፣ ካርቶኑን አወጣች። ቁጥሩ አንድ ነው።

ግሩም ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ሰኞ ማታ ልመልሰው ነበር» አለ። «የሰርግ ፊልም ነው። ማክሰኞ በመልሱ ላይ በትልቅ ስክሪን አሳያለሁ ብዬ ለሁለት ቤተሰብ ቃል ገባሁ። የኔ ካርድ ምስሉን መሸከም አቃተው። ያ ሁሉ ሰው ፊት ከምዋረድ ብዬ እሁድ ማታ ወሰድኩት። የሺአረግ ሰኞ አንሠራም ብላኝ ነበር እኮ! አባቴ ይመጣል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ጦልሃንስ? እሱን መቼ ልትመልሰው ነበር?»

ጦልሃ ከልጅነቱ ጓደኛው ነው።

«ካርዱን መልሼ ልናገር አልኩ። ከዚያ አባቴ ተኝቶ እጄን ይዞ፣ ‹ማን ነው እንዲህ ያደረገኝ?› ሲለኝ… አልቻልኩም።»

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሳቢሪን ጦልሃን አስወጣችው። የጣቢያው ግቢ ውስጥ እሱና ተይዞ የመጣው ግሩም ተፋጠጡ። ጦልሃ ሁሉን ሰምቷል።

«የምትለው ነገር አለ?» አለችው።

«እኔ ምን እላለሁ። እናቴ በር ላይ ናት። ለሷ በአፉ ይንገራት።»

እናቱ ወይዘሮ በድሪያ ምሳ ዕቃ ይዘው ጥላ ሥር ቆመዋል። ግሩም ቀርቦ ነገራቸው። ካርዱን፣ አባቱን፣ ዝምታውን፣ ምንም አላስቀረም። እንባው አገጩ ላይ ደረሰ። ሳያቋርጡት ሰሙት።

«ትላንት ከባጃጅ ስወርድ ይህን ዕቃ ከእጄ የተቀበልከኝ አንተ ነህ» አሉት። «እስከዚህ በር ተሸከምክልኝ። ልጄ ይፈታል ወይ ስልህ፣ አላህ ያውቃል አልከኝ።»

ግሩም አቀረቀረ። ፖሊሱ ሊወስደው ክንዱን ያዘው።

«ቆይ» አሉ ወይዘሮ በድሪያ። ምሳ ዕቃውን ግሩም እጅ ላይ አስቀመጡት። «ሩዝና ድንች ነው፤ ሥጋ የለበትም፣ ትበላዋለህ። ልጄ ዛሬ ቤቱ ይበላል።»