ሰባት ኪሎ የተባለችው ሕፃን

ሃምሳ አለቃ አብዱልጀሊልን ሲጠሯቸው ጉልበታቸውን በሞቀ ውሃ እያሹ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ወልድያ ላይ ወንጀል ሲመረምሩ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው መርሳ ከገቡ ወዲህ ጥል ለመገላገል እንኳ ከደጃቸው አይወጡም። አሁን ግን ኅዳር 2014 ነው። ጦርነቱ ከተማዋን አልፎ ወደ ደቡብ ወርዷል፤ ፖሊስ የለም፣ ስልክ የለም፣ መብራት የለም። ሽማግሌዎቹ ሌላ የሚጠሩት ሰው አልነበራቸውም።

«የሩቂያ ሕፃን ሞተች» አሏቸው። «ሩቂያ ሐኪሟ ገደለችብኝ ብላለች። ዘመዱ ሁሉ ተቆጥቷል። እስከ ቀትሩ የዙሁር ሶላት እውነቱ ካልታወቀ ዶክተር ቤዛዊትን ከከተማ ያስወጧታል፤ ያውም እጃቸውን ካልሰነዘሩባት።»

አብዱልጀሊል በረጅሙ ተነፈሱና ከዘራቸውን አነሱ።

ቤዛዊት የወልድያ ልጅ ናት። በሕፃናት ሕክምና ለመሠልጠን ተቀባይነት ማግኘቷን የሚገልጽ ደብዳቤ በደረሳት ሳምንት ጦርነቱ መጣ። ሸሽታ መርሳ ስትደርስ የታመሙ ልጆች ከበቧትና እዚያው ቀረች። እህል ነጋዴው ደምሴ ከመጋዘኑ አንዱን ክፍል ሰጣት። ዘራፊዎች የሕፃን ሚዛኗን የወሰዱባት ጊዜም የእህል ሚዛኑን ያዋሳት እሱው ነው።

የሞተችው ሕፃን ሳሚራ በዚያው የመጋዘን ክፍል በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ፍራሽ ላይ ተኝታለች። አምስት ወሯ ነበር። አብዱልጀሊል «ቢስሚላህ» ብለው በሁለት እጃቸው አነሷት። የሆነ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው ጥቂት ቆዩና ቀስ ብለው አስተኟት። ታላቋ ዘሐራ፣ የሦስት ዓመቷ፣ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጣ ትስላለች።

«ሩቂያ ልጄ፣ ቤት ምን ሰጥተሻት ነበር?»

«ምን አለኝና ጋሼ? ጡቴ ከነጠፈ ወር አለፈው። የሽንብራ ውሃ ነው ሳጠጣት የከረምኩት። ሲያንቀጠቅጣት ይዣት ሮጥኩ። መርፌ ወጓት፤ መንቀጥቀጡ ቆመ። አልሐምዱሊላህ ብዬ አፌን ሳልገጥም ትንፋሿም ቆመ።»

ነርሱ ደሳለኝ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«የወጋሃት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ዶክተር ያዘዘችውን፣ ጠብታ ሳልጨምር።»

«መድኃኒቱ ጊዜው አልፎበት እንደሁስ?»

«ያውና ጠርሙሱ!» አለ ተቆጥቶ። «ዘራፊ ሲመጣ ገለባ ውስጥ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ልገድልበት ነው የደበቅሁት?»

አብዱልጀሊል መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። መድኃኒቱ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል።

ቤዛዊት ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ፣ ደብዳቤዋን በላዩ አኑራለች።

«መርፌው እንዴት ነው የሚለካው ልጄ?»

«በልጁ ኪሎ ነው። ሳሚራ ሰባት ኪሎ ነበረች፤ በሰባት አሰላሁት። መንቀጥቀጡ አልቆም ሲል የሚፈቀደውን ያህል አስደገምኩላት። አሥር ጊዜ መልሼ አሰላሁት ጋሼ፤ አንድም ስሕተት የለውም።»

«ከስሌቱ ሌላስ?»

መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው። «ስይዛት ቀልላኝ ነበር» አለች። «ደክሞኝ ነው ብዬ ከእጄ ይልቅ ሚዛኑን አመንኩ።» ደብዳቤውን ገፋችላቸው። «ከእንግዲህ ሕፃን አልነካም። እሳት ማያያዣ ያድርጉት።»

ደብዳቤውን አልነኩትም። የሕሙማን መዝገቡን ወስደው በጣታቸው እየተከተሉ ብዙ ቆዩበት። ከዚያ ወደ ጥግ ዞሩ። ባለሁለት ሳህኑ ሚዛን ያለ መመዘኛ ብረቶቹ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

«የሚዛኑ ድንጋዮችስ?»

«ጋሽ ደምሴ ጠዋት ወሰዷቸው» አለ ደሳለኝ። «ለገበያ ነው ብለው።»

«ልጅ በሞተችበት ቀን ገበያ?» አሉ አብዱልጀሊል ለራሳቸው።

ደምሴን ሱቁ በር ላይ አገኙት።

«ክፍሉን በነጻ፣ ሚዛኑን በነጻ ሰጠሁ! ከዚህ በላይ ምን ላድርግ ሃምሳ አለቃ?»

«ምንም። ድንጋዮቹን ይዘህ ለዙሁር ና።»

«ድንጋይ ለምን?»

«ሽማግሌ ያለ ሚዛን ይፈርዳል እንዴ?»

ደምሴ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ከዙሁር በፊት ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ደምሴም ድንጋዮቹን ይዞ መጣ። አብዱልጀሊል እያነከሱ ገቡ፤ በእጃቸው ውሃ የሞላ ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል።

«እናት ምንም አልሰጠቻትም፤ የምትሰጣት የላትም» ብለው ጀመሩ። «መድኃኒቱ ደኅና ነው። ነርሱ የታዘዘውን ነው የወጋው። ስሌቱም ልክ ነው። ሁሉ ልክ ከሆነ ልጅቱ በምን ሞተች?» መዝገቡን ገለጡ። «እኔ ሕክምና አላውቅም፤ ይኸን ግን ማንበብ አላቃተኝም። ጥቅምት ላይ ስድስት ኪሎ የነበረው ልጅ ኅዳር ላይ ስምንት ሆኗል። አምስት የነበረችው ሰባት። የደምሴ ሚዛን ከመጣ ወዲህ ያልወፈረ ልጅ የለም። ወገኖቼ፣ በዚህ ወር መርሳ ላይ የወፈረ ሰው አይታችኋል?»

ከኋላ አንዱ ምርር ብሎ ሳቀ።

«ቧንቧው ከቆመ ወዲህ ይችን ጀሪካን በየቀኑ ከወንዝ እሸከማለሁ። አምስት ሊትር ናት፤ አምስት ኪሎ። ጠዋት ሳሚራን ሳነሳት ጀሪካኔን ያነሳሁ መሰለኝ። በል ደሳለኝ፣ መዝናት።»

ደሳለኝ ጀሪካኑን በአንዱ ሳህን፣ የአምስት ኪሎውን ድንጋይ በሌላው አስቀመጠ። ጀሪካኑ ወረደ። የሁለት ኪሎውን ጨመረ፤ ሚዛኑ ቀጥ አለ።

«ሰባት» አለች ቤዛዊት።

አብዱልጀሊል ትልቁን ድንጋይ ገልብጠው ቂጡን በሰንጢ ጫሩት። ጥላሸት የተቀባ ሰም ተቀርፎ ወደቀ። ብረቱ ከሥር ተቦርቡሯል።

«ገዢው አምስት ኪሎ ወሰድኩ ይላል፤ አምስት አይሞላም። ልጅም ሲመዘንበት ያልሆነውን ይከብዳል፤ መድኃኒቱም ያለ ልኩ ይበዛል። በረሃብ የሰነበተች ሕፃን ያን አልቻለችውም።»

«ለእህል ነው!» ደምሴ ጮኸ። «ለእህል ነው ያስቦረቦርኩት፣ ማርያምን! ልጅ ልገድል አይደለም!»

«ሚዛኑን ስታውሳት ግን ታውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምን ልበላት? ድንጋዬ ሌባ ነው ልበል፣ በሰው ፊት?»

«ዛሬ ጠዋት ድንጋዮቹን ስትወስድስ? ልጅቱ በምን እንደሞተች ገብቶህ፣ እሷ ስትባረር ዝም ልትል?»

ደምሴ የወደቀውን ሰም በእግሩ ገፋው።

ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለ ሰዓት ለአብዱልጀሊል ደስታ ነበር። ዛሬ መቀመጫ ብቻ አማራቸው። ሽማግሌዎቹ ድንጋዮቹን ተረከቡ፤ ቃሉ ተጽፎ ሕግ እስኪመለስ ይቆይ፣ ሱቁም ይዘጋ አሉ።

«እኔስ?» አለች ቤዛዊት። «እጄ ነግሮኝ ነበር።»

«አንቺም አለሽበት፤ አልዋሽሽም ልጄ።»

ወንዶቹ ሳሚራን ይዘው ወጡ። አብዱልጀሊል በጉልበታቸው ምክንያት ወደ ኋላ ቀርተው ገና በሩ ላይ ሳሉ ሩቂያ ተነሣች። ዘሐራን አቅፋ ሄዳ፣ የሐኪሟን ፊት ሳታይ፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት።

«ከትናንት ጀምሮ ያተኩሳታል» አለች። «ይችንስ በምን ትመዝኛታለሽ?»

ቤዛዊት ልጅቱን በሁለት እጇ አነሳቻት። ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ ያዘቻት። ከዚያ «ደሳለኝ፣ ሁለት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ፈልግ» አለች። «እስከ አፋቸው ሙላቸው።»

«አንዱ ይኸውልሽ» አሉ አብዱልጀሊል ከበሩ። ወደ ቀብሩ ባዶ እጃቸውን እያነከሱ ሄዱ።